ከአረንጓዴው ባሻገር፦ ያልተለመዱ አውሮራዎችን ፎቶ የማንሳት ዝርዝር መመሪያ

አውሮራን፣ ማለትም በዋልታዎች አካባቢ በሌሊት ሰማይ ላይ የሚታየውን ባለ ቀለም ብርሃን፣ ፎቶ ማንሳት እንደ ድሮው ከባድ አይደለም። ጨለማ ቦታ ፈልጎ፣ ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አቁሞ፣ ሹተሩን ጥቂት ሰከንድ ከፍቶ የጠበቀ ሰው አረንጓዴ ቅስት ይዞ ይገባል። እንዲህ ያለው ፎቶ ደግሞ በየቦታው ሞልቷል።

ይህ ጽሑፍ ስለ ሌሎቹ ነው። ሰማዩን አቋርጦ ብዙ ጊዜ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ስለሚጠፋው ሐምራዊ ሪባን። ዓይን እምብዛም ስለማያየው ቀይ ቅስት። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ብልጭ ድርግም ስለሚሉት የብርሃን ቁርጥራጮች። እነዚህን የሚይዝ ሰው የግድ ውድ ካሜራ ያለው አይደለም። ብዙ ጊዜ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ሲያፈጥ ዞር ብሎ ጀርባውን የሚያይ ሰው ነው። ያልተለመዱት አውሮራዎች ደብዛዛ ናቸው፣ ቶሎ ይሄዳሉ፣ ዋናው ትርኢት ባለበት በኩልም እምብዛም አይወጡም።

አቅጣጫዎቹን የጻፍኩት በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ለቆመ ሰው ነው። ታዝማኒያ ወይም የኒውዚላንድ ደቡብ ጫፍ ላይ ከሆናችሁ ሰሜንና ደቡብን ገልብጡ።

መጀመሪያ የምታድኑትን እወቁ

የአውሮራ ቀለም የሚወሰነው በጋዙ ዓይነትና በከፍታው ነው። ይህን የምላችሁ ትምህርት ለማብዛት አይደለም። ሹተሩን ስንት ሰከንድ እንደምትከፍቱ የሚነግራችሁ እሱ ስለሆነ ነው።

አረንጓዴው የሚወጣው ከኦክስጅን አቶም ነው፤ የሞገድ ርዝመቱ 557.7 ናኖ ሜትር። በአብዛኛው ከ100 እስከ 150 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። ጉልበት ያገኘው አቶም ብርሃኑን ለመልቀቅ አንድ ሰከንድ እንኳ አይፈጅበትም። ስለዚህ አረንጓዴ ፈጥኖ ይንቀሳቀሳል። ሹተሩ ከዘገየ መስመሮቹ ተደበላልቀው ጭጋግ ይመስላሉ።

ቀዩም የኦክስጅን ነው፣ ግን በ630 ናኖ ሜትር። እዚህ አቶሙ ብርሃኑን ለመልቀቅ ሁለት ደቂቃ ገደማ ይፈልጋል። በዚያ መሃል ከሌላ ሞለኪውል ጋር ከተጋጨ ጉልበቱን ያስረክባል፤ ብርሃን የለም። በዚህ ምክንያት ቀይ የሚታየው አየሩ እጅግ በሳሳበት፣ በአብዛኛው ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጥርት ያለ ጠርዝ የለውም። ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ቀስ ብሎ ይሄዳል። 15 ሰከንድ ብትከፍቱለት ምንም አይጎዳውም።

ሰማያዊና ሐምራዊ ጨረር የናይትሮጅን ነው። ኃይለኛ አውሮራ ሲወርድ ከታች ጠርዙ ላይ የሚታየው ሮዝ መስመርም እንዲሁ። ያ ሮዝ መስመር ወደ 100 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በታች ይወርዳል፣ ፍጥነቱም አይጣል ነው።

አሁን ወደ እንግዶቹ እንሂድ።

ስቲቭ ከሁሉም ይበልጥ የታወቀው ነው። ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ የተዘረጋ ቀጭን ሐምራዊ ሪባን ሲሆን ከዋናው አውሮራ ወደ ምድር ወገብ ፈንጠር ብሎ ይወጣል። ስሙን ያወጡለት በካናዳ አልበርታ ያሉ አውሮራ አሳዳጅ ፎቶ አንሺዎች ናቸው። ሳይንቲስቶች ትኩረት ሰጥተው ያዩት እነሱ ፎቶውን ካሳዩዋቸው በኋላ ነው፤ የመጀመሪያው ጥናትም በ2018 ወጣ። ስዋርም የተባለው የአውሮፓ ሳተላይት በሪባኑ ውስጥ ሲያልፍ፣ በ300 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ሙቀቱ በ3,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ዘሎ አግኝቶታል። ጋዙ በሰከንድ ወደ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ እየከነፈ ወደ ምዕራብ ይነጉድ ነበር። ከሪባኑ ሥር አንዳንዴ አጫጭር አረንጓዴ ቋሚ መስመሮች ይደረደራሉ። ፎቶ አንሺዎች የእንጨት አጥር ይሏቸዋል፤ ሲያዩዋቸው ደግሞ እውነትም አጥር ነው።

ኤስኤአር አርክ የሚባለው ቀይ ቅስት 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የሚቀመጥ ሰፊ፣ የረጋ፣ ንጹህ ቀይ ባንድ ነው። መጀመሪያ የተለየው በ1956 ፈረንሳይ ውስጥ ነው። ዓይን በአብዛኛው አያየውም፣ ካሜራ ግን ያየዋል። በመጋቢት 2015 በአውሮፓ አቆጣጠር ኒውዚላንድ ላይ እንዲህ ያለ ቀይ ቅስት በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ስቲቭ ሲለወጥ ተቀርጿል። ስለዚህ ቀዩን ካያችሁ ቦታችሁን አትልቀቁ።

ፐልሴቲንግ አውሮራ ከሌሊቱ መጨረሻ የሚመጣ ነው። የደመና ቁራጭ የመሰሉ ብርሃኖች በየጥቂት ሰከንዱ፣ አንዳንዴም እስከ 20 ሰከንድ እየቆዩ፣ ይበራሉ ይጠፋሉ። እንግዳነቱ ብርቅ በመሆኑ አይደለም፤ ሰው አይጠብቀውም እንጂ ብዙ ጊዜ ይመጣል። ትልቁ ትርኢት ሲያበቃ አብዛኛው ሰው ዕቃውን ሰብስቦ ይሄዳል፣ እሱ የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው።

ዱን የሚባለው ደግሞ ጎን ለጎን የተሰለፉ እኩል እኩል አረንጓዴ ሞገዶች ናቸው፣ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ። በፊንላንድ አማተር ፎቶ አንሺዎች በ2018 ያነሷቸው ምስሎች የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችን አነጋገሩ፤ ጥናቱ በ2020 ታተመ። በሞገዶቹ መሃል ያለው ርቀት 45 ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ ተለካ።

በመጨረሻም ፀሐይ ያገኘችው አውሮራ አለ። መሬት ላይ ጨልሞ ሳለ፣ በጣም ከፍ ያለው የአየር ክፍል ገና የፀሐይ ብርሃን ሊያገኝ ይችላል። በዚያ ከፍታ ያለው ናይትሮጅን ብርሃኑን መልሶ ሲበትን ረጃጅም ሰማያዊና ሐምራዊ ጨረሮች ይታያሉ። ጊዜው ከምሽት ጨለማ መግቢያ ወይም ከንጋት በፊት ነው። በግንቦት 10 እና 11 ቀን 2024 በአውሮፓ አቆጣጠር በተነሳው መግነጢሳዊ ማዕበል የብዙ ሰው ፎቶ ሐምራዊና ሮዝ ያበዛበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ጊዜና ቦታ

ትንበያውን ከአሜሪካው የጠፈር አየር ትንበያ ማዕከል ማየት ይቻላል፤ ነጻ ነው። የመግነጢሳዊ ማዕበሉን ጥንካሬ የሚያሳየው ኬፒ የሚባለው ቁጥር ከ0 እስከ 9 ይሄዳል። ኬፒ 5 ላይ ሲደርስ ማዕበሉ ጂ1 ይባላል፣ 9 ላይ ጂ5። የግንቦት 2024ቱ ጂ5 ነበር፤ ከ2003 በኋላ የመጀመሪያው።

ኬፒ ግን በየሦስት ሰዓቱ የሚሰላ ነው። ውጭ ቆማችሁ ሳለ የሚያስፈልጋችሁ ቢዚ ነው። ቢዚ የፀሐይ ነፋስ ይዞት የሚመጣው መግነጢሳዊ መስክ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ማዘንበሉን ያሳያል። ወደ ደቡብ ሲያዘነብል ቁጥሩ ኔጌቲቭ ይሆናል፣ ያን ጊዜ በሩ ይከፈታል። ከዜሮ በታች 10 ደርሶ ለግማሽ ሰዓት ከቆየ ጫማችሁን አድርጉ። መለኪያዎቹ ሳተላይቶች ከምድር ወደ ፀሐይ በኩል 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀው ነው የተቀመጡት። ነፋሱ በሰከንድ 400 ኪሎ ሜትር ከመጣ አንድ ሰዓት ያህል ጊዜ አላችሁ። 800 ከሆነ ግማሽ ሰዓት ብቻ።

ቦታን በተመለከተ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። የኖርዌይዋ ትሮምሶ፣ የስዊድኗ አቢስኮ፣ የአላስካዋ ፌርባንክስ፣ የካናዳዋ የሎውናይፍ ለተራ አውሮራ ግሩም ናቸው፣ ምክንያቱም አውሮራ ዘወትር ከሚታይበት ቀበቶ ሥር ናቸው። ስቲቭና ቀይ ቅስት ግን የሚወጡት ከቀበቶው ወደ ምድር ወገብ በኩል ነው። ለነሱ ደቡባዊ አልበርታና ሳስካችዋን፣ ሰሜናዊ የአሜሪካ ግዛቶች፣ ስኮትላንድ ይሻላሉ። በሌላ አነጋገር ዋናው አውሮራ ወደ ሰሜን አድማስ ዝቅ ብሎ የሚታይበት ቦታ ማለት ነው። ያን ጊዜ ስቲቭ አናታችሁ ላይ ይሆናል።

ሰዓቱም ይለያያል። ስቲቭ በአብዛኛው ከእኩለ ሌሊት በፊት፣ አውሮራው አንዴ ፈንድቶ መርገብ ሲጀምር ይመጣል። ከትልቁ ፍንዳታ በኋላ ያለው ሰዓት የናንተ ነው። ፐልሴቲንግ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት።

ጨረቃ ሙሉ ብትሆንም ኮሮና፣ ማለትም አናት ላይ የሚፈነዳው ደማቅ አውሮራ፣ ይያዛል። ቀይ ቅስትን ግን እርሱት።

ዕቃ

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ማንዋል ማድረግ የሚቻል ካሜራ፣ ከ14 እስከ 24 ሚሊ ሜትር የሆነ ሰፊ ሌንስ፣ የማይነቃነቅ ትራይፖድ፣ ሪሞት፣ ሦስት ባትሪ። የሌንሱ አፐርቸር (ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) ኤፍ 2.8 ካለ ይበቃል፤ ኤፍ 1.4 ወይም 1.8 ካለ ግን ለደብዛዛዎቹ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። ገንዘብ ካላችሁ ካሜራ ከመቀየር በፊት ሌንስ ግዙ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ሌንሱ ላይ የተጠመደ ፊልተር ካለ አውጡት። መከላከያ ተብሎ የሚሸጠውን ጥርት ያለ ፊልተር ጭምር። የአውሮራው አረንጓዴ አንድ ጠባብ የሞገድ ርዝመት ብቻ ነው። ጠፍጣፋው ፊልተርና ከኋላው ያለው መስታወት ብርሃኑን እርስ በርስ ሲያንጸባርቁት፣ የፎቶው መሃል ላይ ክብ በክብ የተደራረቡ ቀለበቶች ይወጣሉ። በካሜራው ትንሽ ስክሪን አይታዩም። ቤት ገብታችሁ ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቱት ነው የሚወጡት፣ ያን ጊዜ ደግሞ በኤዲቲንግ ማጥፋት ከባድ ነው።

ቤት ሳላችሁ የምታስተካክሉት

ጓንት አድርጎ፣ በጨለማ፣ በብርድ ሜኑ ውስጥ መፈለግ ያማርራል። ሁሉንም ከመውጣታችሁ በፊት ጨርሱ።

ፎቶው በራው (ካሜራው ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) ይቀረጽ። ጄፔግ የደብዛዛ ቀይን ዝርዝር ይበላል። ዋይት ባላንስን (የቀለም ሚዛኑን) አውቶ አትተዉ፤ 4,000 ኬልቪን አካባቢ ቁጥር ሰጥታችሁ ቆልፉት። አውቶ ከሆነ ሐምራዊ ሪባን ሲመጣ ካሜራው ራሱ ቀለሙን ሊያስተካክል ይሞክራል። ለረጅም ኤክስፖዠር የሚሠራውን የኖይዝ (በፎቶ ላይ የሚወጡ ነጠብጣቦች) መቀነሻ አጥፉ፤ ካልጠፋ ከእያንዳንዱ ፎቶ በኋላ ካሜራው ያንኑ ያህል ጊዜ ይዘጋባችኋል። ትራይፖድ ላይ ስለሆናችሁ የሌንሱን ስታቢላይዘርም አጥፉ። የስክሪኑን ብርሃን ወደ ታች አውርዱ። በጨለማ ውስጥ ደማቅ ስክሪን ያሳያችሁን ፎቶ ሁሉ ቆንጆ ነው ብላችሁ ታምናላችሁ፣ ነገሩ ግን የጨለመ ፎቶ ነው።

የካሜራውን ሰዓት ደግሞ ከስልካችሁ ጋር እስከ ሰከንዱ አስተካክሉ። ከቻላችሁ በዩቲሲ፣ በዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት፣ አድርጉት። ለተራ ፎቶ ግድ የለም። ለእንግዳ ክስተት ግን ሰዓቱ የፎቶውን ያህል ዋጋ አለው፤ ለምን እንደሆነ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ፎከስ

ሌንሱ ላይ ያለውን የኢንፊኒቲ ምልክት አትመኑት። ብዙ ሌንስ ከዚያ አለፍ ብሎም ይዞራል፣ ብርድም ያንቀሳቅሰዋል።

አውቶ ፎከስን ወደ ማንዋል ቀይሩ። አፐርቸሩን እስከ መጨረሻ ክፈቱ፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ከፍ አድርጉ፣ ስክሪኑ ላይ ደማቅ ኮከብ ፈልጉ። ቬጋ ካለች ጥሩ ናት፤ ጁፒተር ካለ ደግሞ ይቀላል። ምስሉን 10 እጥፍ አጉሉት። አሁን የፎከስ ቀለበቱን በጣም በቀስታ አዙሩ። ኮከቡ መጀመሪያ ክብ ነጠብጣብ ነው። እያነሰ ይሄዳል፣ ነጥብ ይሆናል፣ ከዚያ እንደገና ይሰፋል። ፈጣን ሌንስ ካላችሁ ሌላም ምልክት አለ፦ የኮከቡ ዙሪያ በአንዱ በኩል ሐምራዊ ነገር ይታይበታል፣ ትክክለኛውን ቦታ ስታልፉ ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። ልክ የሚለወጥበት ቦታ ላይ አቁሙ። አንድ ፎቶ አንሱና አጉልታችሁ እዩ። ከተስማማችሁ ቀለበቱን በፕላስተር ለጥፉት። ከዚያ በየሰዓቱ አንዴ አረጋግጡ፣ በተለይ ብርዱ ከጠነከረ።

መነሻ ቁጥሮች

የሚከተሉት ለኤፍ 2.8 ሌንስ ናቸው። ኤፍ 1.4 ካላችሁ ሰከንዱን ወደ ሩብ ማውረድ ትችላላችሁ።

የረጋ አረንጓዴ ቅስት፦ አይኤስኦ 3200፣ 8 ሰከንድ።
የሚንቀሳቀስ መጋረጃ፦ አይኤስኦ 3200፣ ከ2 እስከ 4 ሰከንድ።
አናት ላይ የፈነዳ ኮሮና፦ አይኤስኦ 1600፣ 1 ሰከንድ ወይም ከዚያ በታች።
ስቲቭ፦ አይኤስኦ 6400፣ ከ5 እስከ 8 ሰከንድ።
የስቲቭ አጥር፦ አይኤስኦ 6400፣ 2 ወይም 3 ሰከንድ።
ቀይ ቅስት፦ አይኤስኦ 6400፣ ከ15 እስከ 20 ሰከንድ።
ፐልሴቲንግ፦ አይኤስኦ 6400፣ 2 ሰከንድ።

እነዚህ መጀመሪያ ናቸው እንጂ ሕግ አይደሉም። ከእያንዳንዱ ሙከራ በኋላ ሂስቶግራሙን (የፎቶውን ብርሃን የሚያሳየውን ግራፍ) እዩ፤ በተለይ የቀይና የአረንጓዴውን መስመር ለየብቻ። ጠቅላላው መስመር ደህና መስሎ አረንጓዴው ብቻውን ወደ ቀኝ ጠርዝ ተጣብቆ ሊገኝ ይችላል። አንዴ ከነጣ አይመለስም።

ኮሮና ሲፈነዳ ሁሌም ሰው አንድ ስህተት ይሠራል። ቀድሞ የነበረውን 8 ሰከንድ ሳይቀንስ ይቀጥላል። አውሮራው በአንድ ጊዜ ብዙ እጥፍ ሊደምቅ ይችላል። ሰከንዱን የምትቀንሱበትን ቁልፍ ጣታችሁ ሳያይ የሚያገኘው ይሁን።

ዞሮ የማየት ልማድ

የጽሑፉ ዋና ነጥብ እዚህ ነው። አውሮራው ሰሜን ላይ ሲጨፍር እሱን ትቶ ካሜራውን ወደ ሌላ በኩል ማዞር ያናድዳል። ግን አድርጉት።

በጨለማ የሚሠራው የዓይናችን ክፍል ቀለም አይለይም፣ ለቀይ ደግሞ ከሞላ ጎደል ዕውር ነው። ደብዛዛ ስቲቭ ለዓይን ግራጫ መስመር ነው። የአውሮፕላን ጭስ ነው ብላችሁ ታልፉታላችሁ። ቀይ ቅስት ደግሞ ብዙ ጊዜ ጭራሽ አይታይም። ስለዚህ የሚያየው ካሜራው ነው።

በየ10 ደቂቃው ሦስት የሙከራ ፎቶ አንሱ። አንዱ ወደ አናት፣ አንዱ ወደ ምሥራቅ፣ አንዱ ወደ ምዕራብ ዝቅ ብሎ። አይኤስኦ 6400፣ 8 ሰከንድ። ለውበት አይደለም፤ አድማሱ ቢጣመም ግድ የለም። በስክሪኑ ላይ የምትፈልጉት ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ቀጭን መስመር፣ ያልጠበቃችሁት ቀይ፣ እኩል እኩል የተሰለፈ ነገር። ሦስቱን አንስቶ ማየት ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ሁለት ካሜራ ካላችሁ ይበልጥ ይቀላል፤ አንዱን በሰፊ ሌንስ ወደ አናት አዙራችሁ ታይምላፕስ (በራሱ ተከታታይ ፎቶ የሚያነሳበት ሞድ) ላይ ተዉት፣ ሌሊቱን ሙሉ ይጠብቅላችሁ።

ስቲቭ ብዙ ጊዜ ከአንዱ አድማስ እንደ ቀጭን ግንድ ጀምሮ ወደ አናት ይዘረጋል። ምሥራቅና ምዕራብን የምታዩት ለዚህ ነው።

ስቲቭ ሲመጣ

አይቶ መደንገጥ ያለ ነው። ከ20 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይቆያል፣ አጥሩ ግን በጥቂት ደቂቃ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ከሪባኑ በፊት አጥሩን አንሱ።

መጀመሪያ ባላችሁ ሌንስ፣ ባላችሁበት ቦታ አንድ ፎቶ። ፊት ለፊት ዛፍ፣ ሐይቅ፣ ቤት መፈለግ ቀጥሎ ይደርሳል። ከዚያ ሰከንዱን ወደ 2 ወይም 3 አውርዳችሁ አከታትላችሁ አንሱ። የአጥሩ መስመሮች ጎን ለጎን ስለሚንቀሳቀሱ 8 ሰከንድ ላይ አንድ አረንጓዴ ጭረት ሆነው ይቀራሉ። ጨለም ያለ ፎቶ ቢሆንም ይሁን፤ ከጭረት ይሻላል።

ቀጥሎ ፓኖራማ። ካሜራውን በቁመቱ አዙሩት፣ ከምሥራቅ አድማስ ጀምሩ፣ እያንዳንዱ ፎቶ ከቀደመው ሢሶውን ይድገም። መሃል ላይ ቆማችሁ ስክሪን አትዩ። ካቆማችሁ ሪባኑ ቦታ ይቀይርና ፎቶዎቹ አይገጣጠሙም።

50 ወይም 85 ሚሊ ሜትር ሌንስ ኪሳችሁ ውስጥ ካለ አሁን ነው ጊዜው። በስቲቭ ላይ ሰፊ ፎቶ ብዙ አለ። የአጥሩን የታችኛውን ጠርዝ በቅርበት ያሳየ ግን ጥቂት ነው። በ85 ሚሊ ሜትር ከ3 ሰከንድ አትለፉ፤ ኮከቦቹ ራሳቸው መሰመር ይጀምራሉ።

ለሚንቀሳቀሰው

ፐልሴቲንግ አውሮራ በአንድ ፎቶ ምንም አይመስልም። የታመመ ደመና ነው። ነገሩ ያለው በመብራትና በመጥፋቱ ስለሆነ ተከታታይ ፎቶ ወይም ቪዲዮ ይፈልጋል። 2 ሰከንድ ከፍታችሁ በ1 ሰከንድ ክፍተት አከታትሉ። ከ5 ሰከንድ በላይ ከከፈታችሁ የበራውና የጠፋው ይደባለቃል። ለቪዲዮ ኤፍ 1.4 ሌንስ፣ 1/25 ሹተር፣ አይኤስኦ 12800 ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ኖይዝ ይኖረዋል፣ ግን እውነተኛው ፍጥነት የሚታየው እንዲህ ብቻ ነው።

ለተራ ታይምላፕስ ሒሳቡ ቀላል ነው። 5 ሰከንድ ተከፍቶ 1 ሰከንድ ካረፈ በሰዓት 600 ፎቶ። በሰከንድ 25 ምስል ስታጫውቱት 24 ሰከንድ ቪዲዮ ይወጣል። ካርዱም ባትሪውም ለዚያ ይበቃ እንደሆነ ቀድማችሁ አስሉ።

ዱን ሲያጋጥም ዘዴው ሌላ ነው።  4 ሰከንድ ይበቃዋል። በየ30 ሰከንዱ አንድ ፎቶ ሳታቋርጡ አንሱ፣ እንቅስቃሴውን ለማወቅ ይረዳል።

የሚያታልሉ ነገሮች

እንግዳ የሚመስል ሁሉ አውሮራ አይደለም። በሚያዝያ 15 ቀን 2023 በአውሮፓ አቆጣጠር አላስካ ሰማይ ላይ፣ በአውሮራው መሃል፣ የሚሽከረከር ሰማያዊ ጠመዝማዛ ታየ። ከጥቂት ሰዓት በፊት ከካሊፎርኒያ የተተኮሰ ፋልከን 9 ሮኬት የተረፈውን ነዳጅ ሲለቅ የተፈጠረ ነበር። ጠመዝማዛ ካያችሁ መጀመሪያ የሮኬት ማምጠቂያ መርሐ ግብር እዩ።

ቀጥ ብለው የቆሙ ባለ ቀለም ምሰሶዎች ከከተማ መብራት በላይ ከታዩ፣ በአየር ላይ ያሉ የበረዶ ቅንጣቶች መብራቱን ሲያንጸባርቁ ነው። ብርዱ ሲጠነክር የተለመደ ነው። ኤርግሎው የሚባለው የከባቢ አየር የራሱ ብርሃን ደግሞ ይበልጥ ያታልላል፤ አረንጓዴነቱ የዚያው የኦክስጅን መስመር ነው። ግን በመላው ሰማይ ይሰራጫል፣ ማዕበል ባይኖርም አለ። የአውሮፕላን ጭስ በነፋስ ይሰፋል፣ ይበተናል። ስቲቭ ቀጭንነቱን እንደያዘ ይቆያል።

ብርድ

ባትሪዎቹን ከውስጥ ኪስ፣ ገላችሁ አጠገብ አድርጉ። ያለቀ የመሰለው ባትሪ ከሞቀ በኋላ ብዙ ጊዜ እንደገና ይሠራል። ሌንሱ ላይ ውርጭ እንዳይዝ የእጅ ማሞቂያ ከረጢት በላስቲክ እሰሩበት። ካሜራው ላይ አትተንፍሱ፤ ያረፈው ትንፋሽ ወዲያው በረዶ ይሆናል። በረዶ በያዘው ሐይቅ ላይ ከመቆማችሁ በፊት የአካባቢውን ሰው ጠይቁ።

ስትመለሱ ካሜራውን በቀጥታ ወደ ሞቀ ቤት አታስገቡ። ውጭ ሳላችሁ ሜሞሪ ካርዱን አውጡ፣ ካሜራውን ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከታችሁ አፉን ዝጉት፣ እስኪሞቅ አትክፈቱት። እርጥበቱ ከረጢቱ ላይ ይቀራል።

ስልክ ብቻ ካላችሁ

የዘመኑ ስልኮች በሌሊት ሞድ ስቲቭን ይይዛሉ፣ በ2024ቱ ማዕበልም ብዙ ሰው ቀዩን ያየው በስልኩ ነው። ስልኩን ትራይፖድ ላይ ወይም ድንጋይ ላይ አስደግፉ። አለመነቃነቁን ሲያውቅ ረዘም ያለ ሰከንድ ይፈቅዳል። ፍላሽ አጥፉ፣ 3 ሰከንድ ታይመር ተጠቀሙ፣ ዋናውን ሌንስ ምረጡ። እጅግ ሰፊው ሌንስ የሚያስገባው ብርሃን ብዙ ጊዜ ያንሳል።

ኤዲቲንግና ከዚያ በኋላ

ቀለሙን ከማጋነን ተቆጠቡ። ሳቹሬሽን ከፍ ሲል ሐምራዊው ወደ ሮዝ፣ ቀዩ ወደ ብርቱካን ይሄዳል፤ ስቲቭን ከተራ አውሮራ የሚለየው ቀለም መጀመሪያ የሚጠፋው ነው። ዋይት ባላንሱን ለሁሉም ፎቶ አንድ አድርጉት። ጥቁሩን ሰማይ ፈጽሞ ጥቁር አታድርጉት፣ ቀይ ቅስት የሚኖረው እዚያ ደብዛዛ ክፍል ውስጥ ነው። ኖይዝ መቀነሻውን በልክ፤ ከበዛ የአጥሩን ጫፎች ይላጫቸዋል።

ያልተነካውን የራው ፋይል አስቀምጡ። ከሱ ጋር ዩቲሲ ሰዓት፣ የቆማችሁበት ቦታ፣ የሌንሱ ርዝመት፣ ካሜራው የዞረበት አቅጣጫ ይጻፍ። በናሳ የሚደገፈው አውሮራሶረስ የተባለው ፕሮጀክት ከማንም ሰው እንዲህ ያለ ሪፖርት ይቀበላል። በፎቶው ላይ ኮከቦች ስላሉ ሰዓቱና ቦታው ከታወቀ ተመራማሪ ብርሃኑ በሰማይ ላይ የት እንደነበር በትክክል ማስላት ይችላል።

ከፍታውን ለማወቅ ግን አንድ ፎቶ አይበቃም፤ ሁለት ይፈልጋል። የፊንላንዱ ዱን ከፍታ የታወቀው በተለያየ ቦታ የቆሙ ሰዎች በአንድ ጊዜ ባነሷቸው ፎቶዎች ነው። ሌላ አውሮራ የሚያሳድድ ጓደኛ ካላችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ተነጋገሩ። እሱ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ርቆ ይቁም። እንግዳ ነገር ከታየ ሁለታችሁም ሰዓቱ ደቂቃ በሞላ ቁጥር ልክ በ00 ሰከንድ ላይ፣ በእኩል ሹተር፣ ወደዚያው ኮከብ አዙራችሁ አንሱ።